የዜሮ ሐላዋ

ናግላ ቀናተኛ አይደለሁም ብላ ትምላለች። ጎረቤቷ አዲስ አምባር ስታስር «ይመችሽ» ትላለች፤ የአክስቷ ልጅ መኪና ሲገዛ እልል ትላለች። ልቧ አልገራ የሚላት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ሂያም ላይ። ሂያም የባሏ የራጋብ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት።

ዱምያጥ ከተማ ውስጥ ያለው የቤተሰቡ ሕንፃ ምድር ቤቱ አልጋና ቁምሳጥን መሥሪያ ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ አማታቸው ሐጃ ቡሰይና፣ ሁለተኛው ላይ ናግላ፣ ሦስተኛው ላይ ሂያም ይኖራሉ። ናግላ ስትዳር ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር አልጋዋ ከተራ ጣውላ ተሠራ። ሂያም ስትመጣ ግን ገበያው ደርቶ፣ ራስጌው ላይ ጽጌረዳ የተፈለፈለበት የማሆጋኒ አልጋ ተሰጣት። ያን አልጋ ተሸክመው ሲያወጡት ናግላ ደረጃው ላይ ግድግዳ ተለጥፋ አሳለፈችው፤ እስካሁን ከሆዷ አልወጣም። በማሆጋኒው ላይ ሂያም ሁለት ልጅ አከታትላ ወለደች፣ ሦስተኛ አረገዘች። በተራው ጣውላ ላይ ለዓመታት ምንም አልመጣም።

ዘንድሮ መጣ። መጣና ቦታ ሳተ። ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ሳይሆን የማህፀኗ ቱቦ ውስጥ ተቀመጠ። ደግነቱ ሳይፈነዳ ተደረሰበት። ዶክተር ዒስማት ቱቦውን ሰንጥቀው ጽንሱን አወጡ፤ ቱቦውን ግን እንደምንም አተረፉላት፤ ሌላኛው ድሮውንም የተዘጋ ነበርና። ናግላ ከሆስፒታል ስትወጣ ቤቱ በእልልታ ይናወጥ ነበር። ሂያም በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ ተገላግላለች።

ዶክተሯ ከመሸኘታቸው በፊት አስጠንቅቀዋት ነበር።

«ስሚኝ ልጄ፤ እኔ ያወጣሁት የታየኝን ነው። እንደ ሰርዶ ሥር ተደብቆ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። ደምሽ ውስጥ ያለው የእርግዝና ሆርሞን ካልጠፋ ሥሩ አልተነቀለም ማለት ነው። በየሳምንቱ ደም ትሰጫለሽ። ከአምስት በታች እስኪወርድ ከእጄ አትወጪም፤ ለኔ ዜሮ ማለት እሱ ነው።»

«ካልወረደስ?»

«መርፌ እንወጋሻለን፣ ቅሪቱን ያደርቀዋል። ከዘገየሽ ግን ቱቦው ይፈነዳል። ያለሽ አንድ ቱቦ ነው፤ ነፍስሽም ያው አንድ ናት።»

ናግላ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሰምታለች። አልገባኝም ነበር ማለት አትችልም።

ቤት ስትደርስ ደግሞ ሌላ ሕግ ጠበቃት። ሐጃ ቡሰይና በሩ ላይ ቆመው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«አዲስ ጨረቃ ሳትታይ ሂያም ጋ ዝር እንዳትይ። ጽንስ የወረዳት ሴት አራስ ላይ ከገባች የአራሷ ወተት ይነጥፋል፤ አራሷም ወደ እሷ ከገባች ሁለተኛ አትጸንስም። ካብሳ ነው። ቀልድ የለውም።»

«እኔስ ምን ልሠራ እወጣለሁ?» አለች ናግላ።

ግን ኮርኒስ ጆሮ አይከለክልም። በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ እንደ ልማዱ ሕፃኑን በወንፊት አድርገው ሲያወዛውዙት፣ ሴቶቹ ሙቀጫ እየወቀጡ «እናትህን ስማ! አባትህን አትስማ!» ሲሉ፣ ናግላ ሁሉንም ከታች ሆና ሰማች። ቀጥሎ ሂያም ከላይኛው በረንዳ ቅርጫቷን በገመድ አወረደች።

«ናግላ! ድርሻሽ ነው፣ ያዢ!»

ቅርጫቱ ውስጥ ኦቾሎኒ፣ ከረሜላና ባለ ሪባን ትንሽ ሻማ ነበር። ናግላ ሻማውን አገላብጣ አየችው። ድርሻዬ ይሄ ነው? ሕፃኑ ለሷ፣ ኦቾሎኒው ለኔ? ኦቾሎኒውን በላች፣ ከረሜላውንም በላች፤ ሻማውን ግን ሰባብራ ጣለችው።

ከሁሉ የባሰው ርግቡ ነበር። ሐጃ ቡሰይና አራስ የሚጠግናት ሩዝ የተሞላ ርግብ ነው ብለው ያምናሉ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን በፎጣ ሸፍነው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ በናግላ በር በኩል ወደ ላይ ያልፋሉ። ሽታው ደረጃው ላይ ይቀራል። ለናግላ የሚደርሳት የምስር ሾርባ ነው። እሷም ሆዷ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ እሷም ደም ፈሷታል፤ ግን ባዶ እጇን ለተመለሰች ሴት ርግብ የሚያርድ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሆርሞኑ ደህና ወረደ። ራጋብ ይህን አይቶ ልቡ ስላረፈ፣ ቀይ ባሕር ዳር ለሚሠራ ሆቴል አልጋ ሊገጥም ሁርጋዳ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ላቦራቶሪው ውጤቱን በእናቱ ስልክ እንዲናገር አደረገ፤ ናግላ ስልኳን የትም ትጥላለችና።

ከዚያ ላቦራቶሪው አዲስ ሠራተኛ ቀጠረ። ኢንሺራሕ ትባላለች፤ ሳቂታ፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን። የናግላን ታሪክ የነገራት የለም። ውጤቱን ስታይ እርግዝና አለ ይላል። ታዲያ ሰው የምሥራች ይዞ ዝም ይላል? የምሥራች ላበሰረ ሐላዋ፣ የጣፋጭ ስጦታ፣ ይገባዋል። ስልኩን አነሳች።

«ሐጃዬ፣ ሐላዋዬን ያዘጋጁ! የምራትዎ ደም እርጉዝ ነች ይላል!»

ናግላ ደም ሰጥታ፣ ገበያ ዞራ ስትመለስ እልልታውን ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ሰማችው። ሂያም አራተኛ ወለደች እንዴ ብላ አሾፈች በሆዷ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ሐጃ ቡሰይና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። አናጢዎቹ መሮና መዶሻቸውን ጥለው ቀይ ሸርበት ይጠጣሉ።

«አላህ ሳይደግስ አይጣላም!» ይላሉ ሐጃ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ። «መንታ ነበሩ! አንዱ መንገድ ስቶ ነው እንጂ ወንድሙ ቦታውን ይዞ ቁጭ ብሏል! ሐኪሞቹ ምን ያውቃሉ?»

ናግላ መንታ እንዳልነበረ ታውቃለች፤ ማህፀኗ ባዶ መሆኑን ዶክተሯ ስክሪን ላይ አሳይተዋታል። የቀረው ሥሩ ነው። «ሐጃ፣ ይሄ እኮ...» ብላ አፏን ከፈተች።

ከፍታም ቀና አለች። ሂያም ከላይኛው በረንዳ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ ለጥፋ ወደ ታች ታያለች። ከንፈሯ ፈገግ ብሏል፤ ዓይኗ ግን ፈገግ አላለም። ናግላ ያን ፊት ታውቀዋለች። ለዓመታት መስታወት ውስጥ ያየችው የራሷ ፊት ነው። ሂያም ቀንታለች! በናግላ! ያን ጊዜ የናግላ አፍ ተዘጋ፤ እጇም የሸርበቱን ብርጭቆ ተቀበለ።

ወዲያው ራጋብ ደወለ። ድምፁ በለቅሶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መንታ ነበሩ አሉኝ?»

«እንዲያ ይላሉ።»

«በይ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ደረጃም አትሩጪ። ስመለስ ያን የተረገመ አልጋ አውጥቼ እጥለዋለሁ። ማሆጋኒ ነው የምሠራልሽ፤ ጽጌረዳ ብቻ ሳይሆን ወፍም እፈለፍልበታለሁ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ርግቡ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆም ጀመር። «ሂያም ሦስተኛዋ ነው፤ ለምዳዋለች፤ ምስሩን ትብላ» አሉ ሐጃ። ናግላ ርግቡን ክንፉን ገንጥላ፣ አጥንቱን መጥጣ፣ ጣቷን ልሳ በላችው። በሕይወቷ እንዲህ የጣፈጣት ነገር የለም። ሐጃ የእርጉዝ ኪኒንም ገዝተው አመጡላት፤ እሱንም ዋጠች። በረንዳ ላይ ስትወጣ እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች፤ ሂያም ከላይ እንድታይ።

በዚሁ መሃል ዶክተር ዒስማት ደወሉ። «ናግላ፣ ሆርሞኑ ወጥቷል። መውረድ ሲገባው ወጥቷል። ነገ ጠዋት ለመርፌው ነይ።»

«እሺ ዶክተር» አለች፤ አልሄደችም። መርፌው ቅሪቱን ያደርቃል፤ ቅሪቱ ሲደርቅ ርግቡም፣ ማሆጋኒውም፣ የሂያም ፊትም አብረው ይደርቃሉ። አንድ ቀን ልጨምር አለች። ሌላ ቀን ጨመረች። ዶክተሯ ሲደውሉ ስልኩን ሶፋ ላይ በፊቱ ደፋችው። ጎመን በጤና የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው ርግብ አልቀመሰም ማለት ነው።

ሐጃ ቡሰይና ለቅሶ የሄዱ ዕለት የግራ ጎኗን ወጋት። መጀመሪያ እንደ ቁርጠት ነበር። ኋላ ግን ምጣድ የነካች ያህል አስጮኻት። መሬት ላይ ተቀምጣ የሶፋውን እግር እንደያዘች በሩ ተከፈተ። ሂያም ናት፤ በቤት ጫማ፣ ሕፃኑን እንዳቀፈች።

«ውጪ!» አለች ናግላ። «ጨረቃ አልወጣችም! ካብሳ ልታደርጊብኝ ነው?»

«ጩኸትሽ እላይ ድረስ ተሰማ እኮ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ርግብ በዝቶብኝ ነው።»

«እሱማ ይብዛብሽ» አለች ሂያም። «የኔን ድርሻ ጭምር አይደል የምትውጪው?»

ስልኩ ሶፋው ላይ ጮኸ። ናግላ ልትደርስበት አልቻለችም፤ ሂያም አነሳችው። የዶክተር ዒስማት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አንቺ ሴትዮ መሞት ነው የምትፈልጊው? ቅሪቱ ቱቦሽ ውስጥ እያደገ ነው! ያመመሽ ቀን ለመምጣት ጊዜ አይኖርሽም!»

ሂያም ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ናግላን አየቻት፤ የርግቡን አጥንት አየች።

«መንታ የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሸርበት ምን ነበር? ራጋብ በስልክ ያለቀሰው? ይሄ ሁሉ ምን ብለሽ ነው አንቺ?»

ናግላ መዋሸት ደከማት። «እንድትቀኚብኝ» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ አንቺ እንድትቀኚብኝ።»

ሂያም ሳይታሰብ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደ። «ቀንቼ ነበር እኮ! እንዴት እንደቀናሁ! ነይ ተነሺ አሁን፣ እብድ!» ሕፃኑን በአንድ እጇ፣ ናግላን በሌላው ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸውና ባጃጅ አስቆመች።

አልፈነዳም ነበር። ዶክተር ዒስማት መርምረው፣ ተሳድበው፣ መርፌውን ወጓት፤ ለእርጉዝ የተገዛው ኪኒን የመርፌው ጠላት ስለሆነ ከኪሷ አውጥተው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ወረወሩት። ሥቃዩ በርዶላት እንድትሄድ ሲፈቅዱላት «ለዚህ ማንን ላመስግን?» አሉ ወደ ሂያም እያዩ።

ባጃጁ ቤት ሲደርስ ሐጃ ቡሰይና ከለቅሶ ተመልሰው በሩ ላይ ነበሩ። አራሷና እርጉዟ ከአንድ ባጃጅ ሲወርዱ አይተው ደረታቸውን መቱ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ናግላ ምን ሆነች?»

ሂያም አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ ሐጃ። ጨረቃ ሳትወጣ ገባሁባት። ሄደ፤ ጽንሱ ሄደ። የኔ ጥፋት ነው።»

ሐጃ ጉንጫቸውን ጧ አደረጉት። ናግላ ዝም አለች። መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር፤ ሐፍረቱ ኋላ ነው የመጣው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሦስተኛ ፎቅ ርግብም ምስርም ቀረ። ሐጃ ወደ ላይ የሚወጡት ለእርግማን ብቻ ሆነ። «የልጄን ዘር በላሽ! ያንቺም ወተት ይነጥፋል፣ ታያለሽ!» ይላሉ። ሂያም ስታለቅስ እየዋለች ወተቷ እውነትም ቀነሰ፤ ሕፃኑ በኮርኒሱ በኩል ሲነጫነጭ ይሰማል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ናግላ በመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ትንሽ ደስ ብሏት ነበር።

ራጋብ ደወለ። በዚህ ጊዜ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«ከወንድሜ ከሚድሐት ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሚስቱን ይዞ ሌላ ቤት ይፈልግ። ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ሦስተኛውን ፎቅ አንቺ ትወስጃለሽ፤ አልጋውም ይቅርልሽ፤ ድሮም የኔ እጅ ሥራ ነው።»

ናግላ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ለዓመታት የለመነችው ሁሉ በአንድ ጊዜ እጇ ላይ ወደቀ። ሂያም ልትሄድ ነው። አልጋው ሊቀር ነው። የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ለምዳዋለች።

ሂያም ልጆቿን አስከትላ፣ ጓዟን ባጃጅ ላይ ጭና ስትወጣ በሐሳቧ ታያት። መንደሩ ይረግማታል፣ እሷ ግን ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ምን እንደሠራች ታውቃለቻ። ናግላ ደግሞ ጽጌረዳው ሥር ተጋድማ፣ ያቺ ሴት ምን እንዳደረገችላት እያወቀች ትኖራለች። ያን ጊዜ ቅናቱ እንደገና ተነሳባት፤ ከአልጋው ጊዜ ይልቅ ባሰባት። በአልጋ ቀደመችኝ። በልጅ ቀደመችኝ። አሁን ደግሞ በደግነት? ይሄንንም ለሷ? አይሆንም!

ተነስታ ደረጃውን ወጣች። ሐጃ እዚያው ነበሩ፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ሂያም አንገቷን ደፍታ ትሰደባለች።

«ጨረቃ አልወጣችም!» ጮኹ ሐጃ። «አትግቢ!»

«ጨረቃዋ ትቅር» አለች ናግላ፤ ገባችም። «ሐጃ፣ መንታ አልነበረም። ሥሩ ነው ቀርቶ የነበረው። ዶክተሯ ነግረውኛል፤ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሂያም ምንም አላደረገችም። እሷ ባትደርስልኝ ዛሬ የሚለቀሰው ለኔ ነበር።»

ሐጃ ቡሰይና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ርግቦቹንስ?»

«በላኋቸው።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። ጣፍጠውኝ ነበር።»

ሐጃ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩ፤ ናግላን ስቶ በሩን መታ። ከዚያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «ልጄ እኮ ሁርጋዳ ሆኖ ስም ሲያወጣ ነበር» አሉ ከውስጥ። ይህ ከጫማው ይልቅ መታት።

«እኔው እነግረዋለሁ» አለች።

ሂያም ግን ዓይኗ በንዴት ፈጦ ነበር። «ማን ተናገሪ አለሽ? በዚህ ቤት አንድ ቀን እኔ ደግ ልሁን ብል፣ እሱንም ነጠቅሽኝ!»

ናግላ ለራጋብ የዚያኑ ዕለት ደወለችለት። ሰምቶ ሲያበቃ «በየትኛውም አልጋ ላይ ተኚ» አለ፤ «ብቻ ኖረሽ ጠብቂኝ።» ለሚድሐትም ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ርግቡም ከማግስቱ ጀምሮ በናግላ በር አልፎ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

አዲሷ ጨረቃ ወጣች፤ ከሷም በኋላ ሌላዋ። የናግላ ሆርሞን በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ኢንሺራሕ ለሐጃ ደወለች፤ ሳቋ ጠፍቷል።

«ሐጃዬ፣ እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም... ምንም አልቀረም። ዜሮ ነው።»

ሐጃ ቡሰይና በረንዳ ላይ ወጡ። ዜሮ የምሥራች መሆኑን አሁን ያውቃሉ፤ ለምሥራች ደግሞ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ እልል አሉ። እልልታው መሃል ላይ ተሰበረ። አናጢዎቹ ከታች ቀና ብለው «ሐጃ፣ ምን ተገኘ?» አሉ።

«ምንም!» አሉ ሐጃ እያለቀሱ። «ምንም አልተገኘም፣ አልሐምዱሊላህ!»

ናግላ ይህን ከክፍሏ ሰማችና ጣውላው አልጋ ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያለቀሰችው ሂያም ስላላት ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ስለ ራሷ ልጅ አለቀሰች፤ መንገድ ስቶ ስለቀረው፣ አሁን ከደሟም ስለወጣው። ብዙ አለቀሰች።

ከውጭ ገመድ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ባዶ ቅርጫት በረንዳዋ ላይ ወርዶ ይወዛወዛል።

«ናግላ!» ጮኸች ሂያም ከላይ። «ሐላዋችንስ? ዜሮም እኮ የምሥራች ነው፤ ምቀኛ!»

ናግላ ፊቷን አበሰች። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ለኢንሺራሕ ልትወስድላት ጠዋት የገዛችውን በማር የራሰ የሚሸበክ ጣፋጭ አወጣች፤ ግማሹን ለኢንሺራሕ አስቀምጣ፣ ሌላውን ቆራርሳ ቅርጫቱን ሞላችው። ትልቁን ቁራሽ ግን ለራሷ አስቀረች።